አሰልጣኙ ቱግ ሲል ዩኒቨርሲቲው የት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ በሌላ ግዛት ኮሌጅ ገብቶ በስኮላርሺፕ አሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ግልፍተኛ ነው። ይሳደባል፣ ያገኘውን ይወረውራል። አንድ ቀን የልጄን ሄልሜት ፍርግርግ ይዞ ጎትቶታል። ስሙንም እያጣመመ ይቀልድበታል። ልጁ ግን “አባ ተወው፣ ሁሉንም እንደዚህ ነው የሚያደርገው” ይለኛል። ዩኒቨርሲቲው ይህን እያየ ለምን ዝም ይላል? ቅሬታ ባቀርብ ልጄ ስኮላርሺፑን ያጣል? ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አላካበዱም።

ጩኸት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ፉትቦል ጫጫታ ያለበት ጨዋታ ነው። ሜዳው ላይ መቶ ገደማ ተጫዋች አለ፣ ሁሉም ጆሮውን በሄልሜት ሸፍኗል፣ ስለዚህ በለሆሳስ የሚያሠለጥን የለም። እኛም ብንሆን በመምህር ኩርኩም ያደግን ሰዎች ነን። ቁጣ ስናይ “ይህማ ምን አላት” ማለት ይቀናናል። ሥራዬ የኮሌጅ ስፖርት ቅሬታዎችን ማየት ነው። በዚህ ሥራ የድምፁን ከፍታ አንለካም። አሰልጣኙ የሚጮኸው ልጁ በሠራው ስህተት ላይ ነው ወይስ በልጁ ማንነት ላይ? እጁ የልጁን አካል ነክቷል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ “አሞኛል” ብሎ መቆም ይችላል? የእርስዎ ደብዳቤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መልሶልኛል። ሦስተኛውን ልጅዎን ይጠይቁት።

ዩኒቨርሲቲው ለምን ዝም ይላል ላሉት፣ ነገሩ ከገንዘብ ይጀምራል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላው የመንግሥት ሠራተኛ ገዥው አይደለም። የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። ይህን ሰው የቀጠረው የስፖርት ዳይሬክተሩ ነው፣ የዳይሬክተሩ እንጀራ ደግሞ በአሰልጣኙ ውጤት ላይ ተንጠልጥሏል። ግልፍተኛነቱም ሲቀጠር የተደበቀ አልነበረም። በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ “ኮስታራ ነው፣ ዲሲፕሊን ያውቃል” ተብሎ የተሞገሰው ያው ጠባይ ነው።

ከዚያ ኮንትራቱ አለ። አሰልጣኙ “በጥፋቱ” ከተባረረ የቀረው ገንዘብ አይከፈለውም። ያለ ጥፋት ከተባረረ ይከፈለዋል፣ አንዳንዴ በሚሊዮኖች። ስለዚህ ጠበቃው ቀድሞ የሚጠይቀው “ምን አደረገ?” ብሎ አይደለም። “የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ?” ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ የለም። አለቃው ቢሮው ጠርቶ “እባክህ ትንሽ ረጋ በል” ብሎት፣ ቡና ጠጥተው ተለያይተዋል። ያልተጻፈ ቁጣ ዋጋው በየዓመቱ እየናረ ይሄዳል። እኔ በዚህ ሥራ የማየው ትልቁ በሽታ ይህ ነው። ወረቀት የለም፣ በመጨረሻ የሚያባርረው ካሜራ ነው።

ታሪኩን በደንብ የሚያሳየው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የፉትቦል አሰልጣኙ ውዲ ሄይስ ከ1951 ጀምሮ ለ28 የውድድር ዘመን ቡድኑን መርቷል። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ጋር 205 ጨዋታ አሸንፏል፣ 13 ጊዜ የቢግ ቴን (ቡድኑ የሚወዳደርበት ሊግ) ዋንጫ በልቷል። ዩኒቨርሲቲው ባለባት ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ እንደ ታቦት ነበር የሚታየው። ዲሴምበር 29 ቀን 1978 ቡድኑ በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ከክሌምሰን ጋር የጌተር ቦውልን ጨዋታ ይጫወታል። ውጤቱ 17 ለ15፣ ክሌምሰን እየመራ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል፣ ኳሱ የኦሃዮ ነው፣ አንድ ጥሩ ቅብብል ቢሳካ ያሸንፋሉ። ወጣቱ አቀባይ አርት ሽሊችተር ወረወረ። የክሌምሰኑ ቻርሊ ባውማን መሃል ላይ ጠለፈው። እየሮጠ ሄዶ ከሜዳው የወጣው በኦሃዮ ስቴት ጠርዝ በኩል፣ ሄይስ በቆመበት ነው። የ65 ዓመቱ አሰልጣኝ ልጁን አንገቱ አካባቢ በቡጢ መታው። በቀጥታ ስርጭት፣ አገር እያየ። የኤቢሲ ቴሌቪዥን ተንታኞች ምንም ሳይሉ አለፉት፣ ተመልካቹ ግን አይቷል።

በማግስቱ ጠዋት ሄይስ አሰልጣኝ አልነበረም። ያሰናበተው የስፖርት ዳይሬክተር ሂዩ ሂንድማን ቀደም ሲል የሄይስ ተጫዋች፣ በኋላም ረዳቱ የነበረ ሰው ነው። ሥራ መልቀቂያ አስገባ ሲለው ሄይስ እምቢ አለ፣ አባረረው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ቆራጥነት ምሳሌ ያወራዋል። ለእኔ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሄይስ በ1971 ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ በዳኛ ተናድዶ የጠርዙን የያርድ ምልክቶች ሰባብሯል። በ1973ቱ የሮዝ ቦውል ጨዋታ የፎቶ አንሺን ካሜራ ፊቱ ላይ ገፍቷል። በ1977 አንድ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ መትቶ፣ ቢግ ቴን የሙከራ ጊዜ ጥሎበታል። ጣሪያው ሲያፈስ ስንት ክረምት አለፈ! በ1977 ዩኒቨርሲቲው ራሱ “ከዛሬ በኋላ ማንንም ሰው ከነካህ ያበቃል” ብሎ ጽፎ ቢያስፈርመው ምናልባት ሽማግሌው በክብር ጡረታ ይወጣ ነበር። ባውማንም አይመታም ነበር። ግልፍተኛን ሰው በጊዜ መግታት ለራሱም ውለታ ነው፣ ይህን ማንም አያስብም። ሄይስ ደግሞ ክፉ ሰው ብቻ አልነበረም። ከተባረረ በኋላም ግቢው ውስጥ ቢሮ ነበረው፣ በ1986 እዚያው ዩኒቨርሲቲ የተመራቂዎችን ንግግር አድርጓል፣ በ1987 ሲሞት የቀብር ንግግር ያደረጉት ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። ይህንንም የምነግርዎት አለነገር አይደለም። ቅሬታ ሲያቀርቡ “እሱ እኮ ለልጆቹ አባት ነው” የሚልዎት ሰው አይጠፋም። እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን የጠየቁት ስለዚያ አይደለም።

ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። ስፖርቱ ቅርጫት ኳስ ነው፣ ችግሩ ግን ያው ነው። ቦብ ናይት በ1985 ጨዋታ መሃል ወንበር ሜዳው ላይ ወርውሮ አንድ ጨዋታ ብቻ ታግዷል። በ2000 በልምምድ ላይ የአንድ ተጫዋቹን ጉሮሮ ሲይዝ የሚያሳይ የ1997 ቪዲዮ ወጣ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ማይልስ ብራንድ 30 ሺህ ዶላር ቀጣው፣ ሦስት ጨዋታ አገደው፣ “ከእንግዲህ ዜሮ ትዕግሥት” ብሎ አወጀ። ይህ በሜይ ነው። በሴፕቴምበር የአንድ ተማሪን ክንድ ያዘ ተብሎ ተባረረ። ተማሪዎች በቁጣ ግቢውን አጥለቀለቁት። ለምን? 29 ዓመት ሁሉን ነገር የታገሠ ተቋም በአንድ ጊዜ ምንም አልታገሥም ሲል ሰው አያምነውም። “ዜሮ ትዕግሥት” ሲባልም ምኑ ላይ እንደሆነ በግልጽ ካልተቀመጠ የመፈክር ያህል ነው።

አሁን ወደ ሰፈርዎ ልምጣ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፣ የጆርዳን ማክኔርን ነገር ሳይሰሙ አይቀሩም። የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሜይ 29 ቀን 2018 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን ልምምድ ላይ፣ የ110 ያርድ ሩጫ በተደጋጋሚ ሲሮጡ ሙቀት መታው። ምልክቱ ከታየበት ጀምሮ 911 እስኪደወል ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። ለሙቀት ምት የታወቀው ሕክምና፣ በረዶ ውኃ ውስጥ መንከር፣ አልተደረገለትም። ጁን 13 ሞተ።

ይህ የሕክምና ስህተት ነው፣ ከቁጣ ጋር ምን አገናኘው ይሉኝ ይሆናል። ኦገስት ላይ ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ቴሌቪዥን የቡድኑን ውስጥ ጉዳይ ይዞ ወጣ። ስድብ፣ ማዋረድ፣ ወደ ተጫዋቾች አቅጣጫ የሚወረወር ብረት። ከመጠን በላይ ወፍረሃል የተባለ ልጅ ጓደኞቹ ሲሠሩ ቆሞ እያየ ከረሜላ እንዲበላ መደረጉ። በአብዛኛው ስሙ የሚነሳው የጥንካሬ አሰልጣኙ ሪክ ኮርት ነበር፣ ወዲያው ሥራውን ለቀቀ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን የደረሰበትን ልብ ይበሉ። ብዙ ተጫዋቾች ለመናገር ፈርተው ነበር፣ ችግሩም በዚያ ዝምታ ውስጥ እየመገለ ሄደ አለ። ኮርትን በትክክል የሚቆጣጠረው ዋናው አሰልጣኝ ይሁን የስፖርት ክፍሉ፣ እሱም በቅጡ አልተለየም ነበር። አለቃው ያልታወቀን ሰው ማን ይገሥጸዋል?

ቁጣና ሕክምና የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። “ደከመኝ” ማለት ውርደት በሆነበት ሜዳ ላይ የሚታመም ልጅ አይናገርም። ዳር ቆሞ የሚያየው የሕክምና ባለሙያም ልምምዱን ለማስቆም ያመነታል። ለዚህ ነው ሦስተኛውን ጥያቄ ልጅዎን ይጠይቁት ያልኩት።

ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በኋላ ያደረገው ደግሞ እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዴት መያዝ እንደሌለበት ማስተማሪያ ነው። ፕሬዚዳንቱ ዋላስ ሎህ በኦገስት የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን እንወስዳለን አሉ፣ ይህ ጥሩ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ዲጄ ዱርኪን በእረፍት ስም ከሥራ ታገደ። ኦክቶበር 30 የበላይ ቦርዱ ዱርኪን ይመለስ አለ፣ ሎህም ጡረታ እንደሚወጡ ተነገረ። አገር ተንጫጫ። በማግስቱ፣ ኦክቶበር 31፣ ሎህ ዱርኪንን አሰናበቱት። በሦስተኛው ቀን የቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ ብሬዲ ለቀቁ። “በጥፋቱ” ተባረረ ስላልተባለ ዱርኪን ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት የኮንትራት ክፍያ ይገባዋል ተባለ። በ2021 መጀመሪያ ለማክኔር ቤተሰብ የ3.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጸደቀ፣ በዚያው ዓመት በልጁ ስም የተሰየመ የግዛት ሕግም ሥራ ላይ ዋለ። የዚህ ሁሉ መጀመሪያ፣ አንድ ሰው በጊዜ አንድ ገጽ ወረቀት አለመጻፉ ነው።

የወላጅ ቅሬታ ዋጋ አለው ወይ? አለው። በ2009 ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል አሰልጣኙን ማይክ ሊችን ያሰናበተው በአንድ ወላጅ ቅሬታ ነው። ጭንቅላቱ የተመታ ልጄን ለብቻው ጨለማ ቦታ እንዲቆም አደረገው የሚል ክስ ነበር። ሊች እስከመጨረሻው አልተቀበለውም፣ ዩኒቨርሲቲውን ከስሶ ፍርድ ቤት ተመላልሷል፣ አልተሳካለትም። ያ ወላጅ ግን የኢኤስፒኤን ተንታኝ የነበረው ክሬግ ጄምስ ነው። እኔና እርስዎ ቴሌቪዥን ላይ ስለማንቀርብ ወረቀታችን ጠንከር ማለት አለበት።

እንዴት? መጀመሪያ፣ ጸሐፊው ልጅዎ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የገባ ልጅ መዝገቡ የራሱ ነው። እርስዎ ቢደውሉ “ስለ ተማሪው ማውራት አንችልም” ብለው ስልኩን በጨዋነት ሊዘጉብዎት ይችላሉ። እሱ በጽሑፍ ከፈቀደ ግን ያነጋግሩዎታል። ልጁ ካልፈለገ አያስገድዱት። አያስቆጡትም። ግን ማስታወሻ እንዲይዝ ይንገሩት፣ ይህ ማንንም አይጎዳም።

ማስታወሻው ፍርድ አይኑርበት። “አሰልጣኙ ጨካኝ ነው” ዋጋ የለውም። “ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልምምድ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ የተሳሳተ መስመር ስሮጥ የሄልሜቴን ፍርግርግ በቀኝ እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበኝ፣ አንገቴን እስከ ማታ አመመኝ፣ አጠገቤ ሁለት የመስመር ተጫዋቾችና አንድ የሕክምና ባለሙያ ነበሩ” ግን መርማሪ ይይዘዋል። የተባለው ስድብ ቃል በቃል ይጻፍ፣ ሳይሸፋፈን። በዚያው ምሽት ለራሱ ኢሜይል ቢልከው ቀኑና ሰዓቱ ይያዝለታል። ድምፅ ስለመቅዳት ካሰቡ ይጠንቀቁ። እርስዎ ያሉበት ሜሪላንድ ሁሉም ተናጋሪ ካልፈቀደ አይቀዳም፣ ኦሃዮ ላይ ግን አንዱ ወገን ካወቀ ይበቃል። ልጁ ያለበትን ግዛት ሕግ ሳያዩ ስልክ አይጫኑ።

ለማን? ለረዳት አሰልጣኝ አይደለም፣ እሱ ነገ የሚያድረው በዚያው ሰው እጅ ነው። እያንዳንዱን ስፖርት የሚከታተል አንድ ምክትል የስፖርት ዳይሬክተር አለ፣ ለእሱ ነው። ከስፖርቱ ቤት ውጭ ደግሞ የመምህራን የስፖርት ተወካይ የሚባል አለ፣ የኤንሲዶብልኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) አባል የሆነ ኮሌጅ ሁሉ አንድ ሊኖረው ግድ ነው። ፕሮፌሰር ነው፣ ደመወዙ በፉትቦሉ ላይ አይመሠረትም፣ ብዙ ወላጅ ግን መኖሩንም አያውቅም። ለሁለቱም በአንድ ኢሜይል ቢላክ ወረቀቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀበርም። ለኤንሲዶብልኤ ራሱ መጻፍ ግን ብዙ አይፈይድም። የእነሱ ሥራ በአብዛኛው ምልመላ፣ የተጫዋች ብቁነት፣ የልምምድ ሰዓት ነው። አሰልጣኙ የኮሌጁ ሠራተኛ ነው።

የስሙን ነገር አቅልለው ያዩት ይመስለኛል። በመጨረሻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጠቀሱት። እንደኔ ግን ከሁሉም ጠንካራው ሊሆን ይችላል። የልጅን ስም ከመጣበት ዘር ወይም አገር ጋር አያይዞ ደጋግሞ መቀለጃ ማድረግ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ነው፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ኮሌጅ ሁሉ ይገዛበታል። ለዚህ የተለየ ቢሮ አላቸው፣ የእኩል ዕድል ቢሮ ወይም ተመሳሳይ ስም ይኖረዋል። ያ ቢሮ ለስፖርት ዳይሬክተሩ አይታዘዝም። የተባለው ቃል፣ የተባለበት ቀን፣ የሳቁት ሰዎች፣ ሁሉም ይመዝገቡ።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ፣ በተፈረመለት ጊዜ ውስጥ በጨዋታ ብቃቱ ምክንያት ሊነጥቁት አይችሉም። ቅሬታ አቀረበ ብለው መንጠቅማ ራሱ ሌላ ክስ ይወልዳል። ሊነጠቅ ሲልም ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ባለ ኮሚቴ የመሰማት መብት አለው። የፈረመውን ወረቀት አውጥታችሁ የአንድ ዓመት ይሁን የብዙ ዓመት እዩት። ግን አልዋሽዎትም። ማንም ሊጠብቅለት የማይችለው ነገር የመጫወቻ ደቂቃ ነው። ቂም የያዘ አሰልጣኝ ስኮላርሺፕ አይነካም፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ “የታክቲክ ውሳኔ ነው” ይላል። ይህን ማረጋገጥ ከባድ ነው። ልጁ ሲወስን ይህንንም አውቆ ይወስን።

ዛሬ ከሄይስ ዘመን የተለየ አንድ በር አለ። ከ2018 ወዲህ የዝውውር ፖርታል፣ ማለትም ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት መዝገብ፣ አለ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በትምህርቱ ብቁ የሆነ ተጫዋች ከአንድ ጊዜ በላይ ቢዛወርም አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ይጫወታል። አሰልጣኞች ይህን ያውቃሉ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹን ያስታገሣቸው ከሥነ ምግባር ደንብ ይልቅ ይህ ነው። ነገር ግን ፖርታል ውስጥ ገብቶ ቦታ ሳያገኝ የሚቀር ብዙ ልጅ አለ፣ የቆጠረው የትምህርት ክሬዲትም ሁሉ ላይተላለፍለት ይችላል። ስሙን ከማስገባቱ በፊት ከትምህርት አማካሪው ጋር ይቀመጥ። ፖርታሉ የሚከፈትበትን ቀን በየዓመቱ ይቀያይሩታልና ያረጋግጥ።

ወደ ሌላ ኮሌጅ ለጉብኝት ከሄዳችሁም ስለ አዲሱ አሰልጣኝ ጠባይ አይጠይቁ፣ ማንም እውነቱን አይነግርዎትም። ይልቅ የቡድኑን የሕክምና ባለሙያ የሚቀጥረውና የሚያባርረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። አሰልጣኙ ነው ካሉዎት ሌላ ኮሌጅ ይፈልጉ።